ውሃ ልክ፣ ቤርጋ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ… ቤት የምታሠሩ ሰዎች እነዚህን ቃላት አስረዱኝ

የሰላም_እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ጂ+1 ቤት እያሠራሁ ነው። እኔ ያለሁት ጂዳ ነው፣ ሥራውን የሚከታተልልኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን ግንባታ ሙያው አይደለም። ግንበኛው የሚነግረውን እንደወረደ ይልክልኛል። ትናንት የመጣው መልእክት እንዲህ ይላል፦ «ውሃ ልክ ደርሰናል፣ ሁለተኛው ክፍያ ይላክ። ለቀጣይ 14 ፌሮ 40 ቤርጋ፣ ለስታፋ 8 ፌሮ፣ 2 ቢያጆ አሸዋ፣ 30 ኩንታል ኦፒሲ ያስፈልጋል።»

ብሩን ለመላክ ነው የምለፋው፣ እሱ አይደለም ያስጨነቀኝ። ያስጨነቀኝ ምን እየገዛሁ እንደሆነ አለማወቄ ነው። ውሃ ልክ የሚባለው በትክክል የቱ ጋ ነው? ቤርጋ ስንት ሜትር ነው? 30 ኩንታል ብዙ ነው ትንሽ? ስጠይቅ «አታስቢ፣ እኛ እናውቃለን» ይሉኛል። እባካችሁ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዱኝ።

ፎርማን_የላፍቶው
እህቴ በመጀመሪያ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። በስደት ሆኖ ቤት ማቆም ቀላል ነገር አይደለም።

ከውሃ ልክ ልጀምር፣ ገንዘብሽ አሁን የተንጠለጠለው እሱ ላይ ነውና። ውሃ ልክ ሲባል ሁለት ነገር ነው። አንዱ መለኪያው ራሱ ነው። ውሃ የተሞላ ቀጭን የሚያሳይ ጎማ ይዘው ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ከፍታ ያዛውሩበታል፣ ወይም ያችኑ ውስጧ ጠብታ አየር ያለባትን መለኪያ ማለት ነው። ሁለተኛውና ክፍያ ላይ የሚመጣው ግን የሥራ ደረጃ ነው። የቤቱ መሠረት ተጨርሶ የምድር ቤቱ ወለል ከፍታ ላይ ተደረሰ ለማለት ነው።

ጣጣው ያለው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ግንበኛ ግሬድ ቢም (መሠረቱ ላይ ዙሪያውን የሚሄደው አግዳሚ የኮንክሪት ምሰሶ) ሲሞላ «ውሃ ልክ ደረስኩ» ይላል። ሌላው ውስጡ ተሞልቶ፣ ተጠቅጥቆ፣ ድንጋይ ተነጥፎ፣ ወለሉ በኮንክሪት ካልተዘጋ ውሃ ልክ አይልም። በሁለቱ መሀል ያለው ሥራ ብዙ ብር ነው። ለጂ+1 ቅደም ተከተሉ ባብዛኛው ይህ ነው፦ ቁፋሮ፣ ከዚያ 5 ሳንቲ ሊን ኮንክሪት (ብረቱ አፈር እንዳይነካ የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት ነው)፣ ፉቲንግ (ኮለኑ የሚቆምበት የኮንክሪት መሠረት)፣ የኮለኑ፣ ማለትም የቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ፣ አንገት፣ የድንጋይ ግንብ፣ ግሬድ ቢም፣ ገረጋንቲ (ጠጠራማ አፈር) ሙሌት በየ20 ሳንቲው እየተጠቀጠቀ፣ 25 ሳንቲ የድንጋይ ንጣፍ፣ መጨረሻ ላይ 10 ሳንቲ የወለል ኮንክሪት። ወንድምሽ ቆሞ ከእነዚህ የትኛው እንደተሠራና የትኛው እንደቀረ ይጻፍልሽ። ከዚያ ውሉን አውጥታችሁ አስተያዩ። ውሉ ላይ «እስከ ውሃ ልክ» ብቻ ተብሎ ከሆነ ክፍያው ከመላኩ በፊት ከግንበኛው ጋር ተቀምጣችሁ ምን ምን እንደሚያካትት በጽሑፍ አድርጉት።

ሌላም ልጠይቅሽ። አፈሩ ምንድነው? ጥቁር ዋልካ ከሆነ ተነሥቶ ወጥቶ በገረጋንቲ መተካት አለበት። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ወለሉንም ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል። ሙሌቱን ከቁፋሮ በወጣው አፈር መልሰው የሚሞሉ አሉ። እሱን ከወለሉ በፊት ካላየሽው በኋላ አታዪውም።

የሰላም_እናት
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አፈሩ ጥቁር ነው። ውሉም «እስከ ውሃ ልክ» ይላል፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ወንድሜ አሁን ፎቶ ልኮልኛል፣ ግሬድ ቢም ተሞልቷል፣ ውስጡ ገና ባዶ ነው።

ፎርማን_የላፍቶው
እንግዲያው ሙሌቱ፣ የድንጋይ ንጣፉና ወለሉ ቀርተዋል ማለት ነው። ግንበኛው ክፉ ሰው ነው አልልሽም። በሱ ቤት ልማዱ እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ግን የሠራውን ያህል ክፈሉትና ቀሪው ሲያልቅ ቀሪውን።

ፌራዮ_ነኝ
ብረቱን ለኔ ተዉት። ብረት በማሰር ነው እንጀራዬን የምበላው።

ፌሮ ማለት የኮንክሪት ብረት ነው። ቁጥሩ ውፍረቱ ነው በሚሊ ሜትር። 14 ፌሮ 14 ሚሊ ማለት ነው። ቤርጋ አንዱ ሙሉ ዘንግ ነው፣ 12 ሜትር ይረዝማል። ገበያ ላይ በቤርጋም በኪሎም ይሸጣል። ቀጭኑን ብረት «14 ነው» ብለው የሚሸጡ ስላሉ ክብደቱን እወቂ። ውፍረቱን በራሱ አባዢው፣ ለ162 አካፍዪው፣ የአንድ ሜትር ኪሎ ይወጣልሻል። 14 በ14 196፣ ለ162 ሲካፈል 1.21 ኪሎ። ቤርጋው 14.5 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። 12 ፌሮ 10.7፣ 16 ፌሮ 19 ኪሎ ገደማ፣ 8 ፌሮ 4.7። ስለዚህ ያንቺ 40 ቤርጋ ወደ 580 ኪሎ መምጣት አለበት። መኪናው ላይ ከመጫኑ በፊት ይመዘን። ጥቂት ኪሎ ቢጎድል ከፋብሪካ የሚመጣ ልዩነት ነው፣ 60 እና 70 ኪሎ ከጎደለ ግን ብረቱ ቀጭን ነው፣ አታውርዱት።

ስታፋ ደግሞ ወፍራሞቹን ብረቶች ዙሪያቸውን እንደ መቀነት የሚያስረው ቀለበት ነው። በ6 ወይም በ8 ፌሮ ይሠራል። ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ወፍራሙን ብረት ነው፣ ስታፋውን የሚያይ የለም። እኔ ግን አንድ ሳይት ስገባ መጀመሪያ የማየው ስታፋውን ነው። ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ ጫፉ። ቀለበቱ ሲዘጋ ሁለቱ ጫፎች ወደ ውስጥ፣ ወደ ኮንክሪቱ ሆድ መታጠፍ አለባቸው። በዲግሪ 135 ይባላል። ብዙ ቦታ ግን ለመፍጠን ብለው በ90 ያጥፉትና ጫፉ ከዳር ጋር ተለጥፎ ይቀራል። ኮለኑ ከባድ ጭነት ሲመጣበት የዳሩ ኮንክሪት መጀመሪያ ይረግፋል፣ ያኔ በ90 የታጠፈው ይከፈታል። በ135 የታጠፈው አይከፈትም። ሁለተኛ ርቀቱ። ከኮለኑና ከቢሙ ጫፍ አካባቢ ጠበቅ ጠበቅ፣ መሀል ላይ ሰፋ ይላል። ስንት ሳንቲ እንደሆነ ፕላኑ ላይ ተጽፏል፣ በሜትር ለኩት። ሦስተኛ ኮለኑና ቢሙ የሚገናኙበት ቦታ። እዚያ ውስጥ ስታፋ ማስገባት እጅ ይቆርጣል፣ ስለዚህ ይዘለላል። መዘለል የለበትም።

ጥቁር ሽቦ የሚባለው የማሰሪያው ሽቦ ነው፣ በኪሎ ይገዛል። ኦቨርላፕ ደግሞ አንዱ ብረት ሲያልቅ ከሌላው ጋር ተደራርቦ የሚታሰርበት ርዝመት ነው። መሐንዲሱ ሌላ ካልጻፈ ከውፍረቱ 40 እጥፍ በታች አትቀበሉ፣ ለ14 ፌሮ 56 ሳንቲ ማለት ነው።

አዲስ_ቤት
ወንድም ይሄ ሁሉ ለጂ+1 አይበዛም? አባቶቻችን በጭቃና በባህር ዛፍ ሠርተው ስንት ዓመት ኖረውበታል። ብረቱን ማብዛት ለባለ ሱቅ ካልሆነ ለማን ይጠቅማል?

መሐንዲሷ
ወንድሜ ጥያቄህ ተገቢ ነው፣ ግን የጭቃ ቤት ሌላ ነው። ቀላል ነው፣ እንጨቱ ይታጠፋል፣ ሲናወጥ ይወዛወዝና ይመለሳል። ላዩ ላይ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁን ወለል የሚሆነውን ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ የተሸከመ ኮንክሪት ቤት ግን ብዙ ቶን ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬት ሲንቀጠቀጥ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች ሌሊት ከአልጋችን ወርደናል። ደብረ ብርሃን ደግሞ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ናት። ፌራዮው ስለ ስታፋ ጫፍ የተናገረውን ባርኬዋለሁ። ደግሞም እሱ ያለው ብረት አብዙ አይደለም። ፕላኑ ላይ የተሰላው በትክክል ይግባ ነው።

እህቴ፣ ስለ ሲሚንቶው ልንገርሽ። በግንባታ ገበያ ኩንታል ሲባል 100 ኪሎ ነው፣ ሁለት ከረጢት ማለት ነው፣ አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ። 30 ኩንታል ሲሉሽ 60 ከረጢት ነው። ሲደርስ በከረጢት ይቆጠር። ኦፒሲ የሚባለው ቶሎ የሚጠነክረው ነው፣ ለኮለን፣ ለቢም፣ ለሶሌታ ይመረጣል። ፒፒሲ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ለልስን፣ ለብሎኬት ግንብና ለድንጋይ ግንብ ጥሩ ነው። ከረጢቱ ላይ 42.5 ወይም 32.5 የሚል ቁጥር አለ፣ የጥንካሬው ደረጃ ነው። ለሶሌታና ለኮለን 42.5 ይሁን።

አሁን 30 ኩንታል ይበዛል ወይስ ያንሳል ላልሽው። ፕላኑ ላይ ሲ-25 የሚል ታገኛለሽ። ኮንክሪቱ በ28 ቀኑ ሊደርስበት የሚገባው ጥንካሬ ነው። በኛ አገር የሥራ ዝርዝሮች ሲ-25 በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ማለትም 3.6 ኩንታል፣ ከ7 ከረጢት ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ የሚሞላውን ኮንክሪት በሜትር ኩብ ጠይቂና በ3.6 አባዢው። ለምሳሌ 80 ካሬ ሶሌታ በ15 ሳንቲ ውፍረት 12 ሜትር ኩብ ነው፣ 43 ኩንታል ይፈልጋል። ያንቺ 30 ኩንታል 8 ሜትር ኩብ ከትንሽ ይሞላል። ለየትኛው ሥራ ነው ብለሽ ጠይቂ። ለወለሉ ነው ካሉሽ ወለሉ ስንት ካሬ ነው? በ10 ሳንቲ 80 ካሬ ከሆነ 8 ሜትር ኩብ፣ ልክ ነው።

የቡኮው፣ ማለትም የድብልቁ፣ ነገር ደግሞ ዋናው ሳጥን ነው። ሳጥን አሸዋና ጠጠር የሚሰፈርበት የእንጨት መለኪያ ነው። ውስጡ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፣ ይህም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ መጠን ጋር ይቀራረባል። ሲ-25 ስንል 1 ከረጢት ሲሚንቶ፣ 2 ሳጥን አሸዋ፣ 3 ሳጥን ጠጠር ነው። ሲ-20 ከሆነ ጠጠሩ 4 ይሆናል። ወንድምሽ ሜትር ይዞ ሳጥኑን ውስጥ ለውስጥ ይለካ። ቁመቱ 25 የሆነ ሳጥን አይቻለሁ፣ ኮንክሪቱ ሲ-25 ተብሎ የሚሞላው በዚያ ነበር። በአካፋ የሚቆጥሩ ከሆነ ደግሞ ሥራውን አስቁሙ፣ አካፋ መለኪያ አይደለም።

ውሃውንም ጠብቁ። ሠራተኛ ለመገልበጥ እንዲቀለው ውሃ ያበዛል። ውሃ በበዛ ቁጥር ጥንካሬው ይወርዳል። በቫይብሬተር (ኮንክሪቱን እያንቀጠቀጠ በሚያስተኛው መሣሪያ) ነው ኮንክሪት የሚወርደው እንጂ በውሃ አይደለም።

ጣና_ዳር
አሸዋው ላይ ልጨምር። ቢያጆ አንድ የመኪና ጭነት ነው። መኪናው ስንት ሜትር ኩብ እንደሚይዝ ግን ይለያያል። ሲኖትራክ 16 ኩብ ይባላል፣ ከ16 ጎድሎ የሚመጣው ግን ብዙ ነው። ሳይራገፍ ላይ ወጥቶ ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ ቁመቱን መለካት ነው መፍትሔው። ሾፌር ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

አሸዋው ጭቃ እንዳለው ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰዱ፣ እስከ ግማሹ አሸዋ ጨምሩ፣ ውሃ ሙሉበት፣ ትንሽ ጨው ጣል አድርጉ፣ ደህና አድርጋችሁ ናጡትና ሳይነካ አስቀምጡት። ውሃው እስኪጠራ ጥቂት ሰዓት ይፈልጋል። አሸዋው ታች ይቀመጣል፣ ደለሉ ደግሞ ከላዩ ለብቻው መስመር ሠርቶ ይታያል። ሁለቱን በማስመሪያ ለኩ። ደለሉ ከ6 በመቶ በላይ ከሆነ አሸዋው ይታጠብ ወይም ይመለስ። ባህር ዳር እኛ ሰፈር ከአንድ መኪና የመጣ አሸዋ እንዲህ ስናደርገው 10 ሳንቲ አሸዋ ላይ ሁለት ሳንቲ ጭቃ ነበረው። በዓይን ሲታይ ግን ቆንጆ ነበር፣ ባለቤቱም አላመነም፣ ጠርሙሱን አይቶ ነው ያመነው።

ባለ_ሦስት_ልጅ
ብሎኬትስ? ብሎኬት ስንት በካሬ ይገባል? 15 ነው 20 የሚሻለው?

ፎርማን_የላፍቶው
በካሬ 12 ተኩል ያዝ፣ ስብራት ስላለ 13 አድርገህ ግዛ። 10፣ 15፣ 20 የሚባለው የግድግዳው ውፍረት ነው። ለውጭ ግድግዳ 20፣ ለክፍል መለያ 15፣ ለቁምሳጥን ጀርባና ለመሳሰለው 10። ግድግዳው ጭነት የማይሸከም ከሆነ፣ ማለትም ኮለንና ቢም ካለ፣ የውጩንም 15 የሚያደርጉ አሉ፣ ፕላኑ የሚለውን ተከተል። ብሎኬቱን ስትገዛ ጠርዙን በምስማር ፋቀው። ካረገፈ ውሃ ሳይጠጣ የደረቀ ነው።

የእጅ_ዋጋ_ብቻ
ስለ ውል ልናገር፣ ጠብ የሚነሣው እዚያ ስለሆነ። የእጅ ዋጋ ማለት ዕቃ ከባለቤቱ፣ ጉልበት ከሠራተኛው ማለት ነው። ይሄ ለሁሉም ግልጽ ይመስላል። ግን ለፎርም (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ) የሚሆነው ጣውላና ሞራሌ (ጣውላውን የሚይዘው አራት ማዕዘን እንጨት) የማን ነው? ምስማሩስ? ሚክሰርና ቫይብሬተር ኪራዩን ማን ይከፍላል? ውሃ ማመላለሻው፣ የመወጣጫው እንጨት፣ የጥበቃው ደመወዝ? እነዚህን አንድ በአንድ ጽፋችሁ ካልፈረማችሁ ሁሉም ባለቤቱ ላይ ይመጣል። ከኔ ጋር የተዋዋሉ ሰዎች ሁሉ ይህን ዝርዝር ከኔው ይጠይቃሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ በኋላ አንጨቃጨቅም።

ልስን ላይም እንዲሁ። ልስን በካሬ ነው የሚከፈለው። አንድ ካሬ ግድግዳ በውስጥም በውጭም ሲለሰን ሁለት ካሬ ልስን ነው። የበርና የመስኮት ክፍት ቦታ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? የመስኮቱ ዙሪያ ጠርዝ በካሬ ነው በሜትር? እኔ ክፍቱን እቀንስና ጠርዙን በሜትር አስከፍላለሁ፣ ሌላው ክፍቱን ሳይቀንስ ጠርዙን በነፃ ይሠራል። ሁለቱም ያስኬዳል፣ አስቀድሞ እስከተነገረ ድረስ።

መሐንዲሷ
ትክክል። ቀብድ ላይም አንድ ነገር፦ ቀብድ ስትሰጡ ከየትኛው ክፍያ እንደሚታሰብ ይጻፍ።

አዲስ_ቤት
እሺ ገባኝ፣ ስለ ብረቱ ያልኩትን ትቻለሁ። ነገ ሳይት ሄጄ የኛን ስታፋ ጫፉን አያለሁ። ሶሌታ ከተሞላ በኋላ ፎርሙ መቼ ይፈታል? የኛ ሰዎች በሳምንቱ እንፍታው እያሉኝ ነው፣ ጣውላው ለሌላ ቤት ይፈለጋል ብለው።

መሐንዲሷ
አይሆንም! የጎን የጎኑ ፎርም በማግስቱ ሊነሣ ይችላል። ከሥር የቆመው ድጋፍ ግን ለሶሌታ ቢያንስ 14 ቀን፣ ለቢም 21 ቀን ይቆይ። ይሄ በደህናው አየር ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ኮንክሪት በብርድ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ፒፒሲ ከሆነ ደግሞ ይብስበታል፣ ቀን ጨምሩበት። ሶሌታ ማለት እኮ ሰው ከሥሩ የሚተኛበት ነገር ነው። ለጣውላ ኪራይ ተብሎ አይፈታም።

ውሃ ማጠጣትም አትርሱ። ቢያንስ ሰባት ቀን፣ ጠዋት ማታ። ሶሌታውን ዙሪያውን ትንሽ አሸዋ አድርጋችሁ ውሃ ቢተኛበት ጥሩ ነው። ኮለኑን በኬሻ ጠቅልላችሁ ኬሻውን አርጥቡ። ውርጭ ባለበት ወር ማታ ላይ አታጠጡ፣ ሸፍኑት።

ባለ_ሦስት_ልጅ
ቀሪዎቹንም ቃላት በአጭሩ ጣል አድርጉልን።

ፎርማን_የላፍቶው
ማልታ የግንብና የልስን ቡኮ ነው፣ ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ፣ ጠጠር የለበትም። ፖዜቶ የፍሳሽ መስመር የሚታይበትና የሚጸዳበት ጉድጓድ ነው፣ ቱቦ በታጠፈበት ሁሉ አንድ አድርጉ። ዞኮሎ ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ዙሪያ የሚለጠፈው ነው። አሸንዳ ከጣሪያ ውሃ የሚሰበስበው፣ ኮርኒስ ከውስጥ ጣሪያውን የሚሸፍነው። ቱቦላሬ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ክፍት የብረት ዘንግ ነው፣ ውፍረቱን ጠይቁ፣ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ቱንቢ ግድግዳው ቀጥ ማለቱ የሚታይበት ተንጠልጣይ ነው። ካቨር ግን ደህና አድርጋችሁ ያዙ፦ ብረቱና የኮንክሪቱ ውጫዊ ፊት መሀል ያለው ርቀት ነው፣ ለኮለንና ለቢም 2.5 ሳንቲ፣ ለፉቲንግ 5 ሳንቲ። ብረቱ ፎርሙን ከነካ ዝገት ይገባዋል። በሲሚንቶ የተሠሩ ትንንሽ ኩቦች ከሥሩና ከጎኑ ይደረጋሉ። በድንጋይ ጠጠር ወይም በእንጨት ቁራጭ አይተኩ።

የሰላም_እናት
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ወንድሜም ክሩን አንብቦታል። ዛሬ ከግንበኛው ጋር ተቀምጠው ነበር። ሙሌቱ፣ የድንጋይ ንጣፉና ወለሉ በሁለተኛው ክፍያ ውስጥ መሆናቸውን ግንበኛው ራሱ አምኗል፣ እስካሁን ለሠራው የሚሆነውን ልኬለታለሁ። ሳጥኑንም ለክተውታል፣ ቁመቱ 20 ነው። ይሄ ችግር አለው? 14 ፌሮውን ደግሞ ወለል ላይ ስለማይገባ ለምን እንደተጠየቀ አልገባኝም።

መሐንዲሷ
20 ከሆነ ሳጥኑ 40 ሊትር ይይዛል፣ ጠጠርና አሸዋው በየሳጥኑ ወደ 4 ሊትር ይበልጣል፣ ኮንክሪቱ ትንሽ ይሳሳል ማለት ነው። ከውስጥ 18 ላይ መስመር ያስምሩና እስከዚያ ብቻ ይሙሉት፣ ሌላ ሳጥን መሥራት አያስፈልግም። 14 ፌሮው ለምድር ቤቱ ኮለን ሊሆን ይችላል። ፕላኑ ላይ የኮለኑን ዝርዝር ፎቶ አንሥቶ ይላክልሽና እዚህ ለጥፊው፣ ስንት ቤርጋ እንደሚያስፈልግ አብረን እንቆጥረዋለን።

ፌራዮ_ነኝ
የኮለኑን ቁጥርና የፎቁን ቁመትም አብረሽ ላኪ። ኦቨርላፑን ጨምሬ አሰላልሻለሁ።